አንጀት የሚያርስ ውሃ

«መምህርት፣ የጎረቤትሽ ልጅ ዐይኗ ገብቷል።»

ወሬው የደረሰኝ እንዲህ ነው። ረፋድ ላይ፣ በመሠረተ ትምህርት ክፍል ውስጥ ጠመኔ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። የተናገሩት የሰፈራችን እማማ ናቸው፤ ደፉን ሳይሻገሩ፣ ከአሸዋው ነፋስ አፋቸውን በነጠላቸው ከልለው። ልጅቷ ተቅማጥ እንደያዛት ከዋዜማው ሰምቼ ነበር። የሕፃን ሆድ ይበላሻል፣ ይድናልም። «ዐይኗ ገብቷል» ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው። በአሰብ ነሐሴ፣ ሰባት ወር ባልሞላት ገላ ላይ ዐይን ገባ ማለት ውሃዋ እያለቀ ነው ማለት ነው። ሴቶቹን አሰናበትኩና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ዕጣዬ አሰብ ሲወጣ እናቴ ጋቢ አሸክማ ሸኘችኝ፤ ያ ጋቢ የደርግ ዘመን እስኪያልቅ ድረስ ከሳጥን አልወጣም። በክረምት ሌሎቹ መምህራን ባገኙት አውሮፕላን ወደየአገራቸው ሲሄዱ እኔ የቀበሌውን ሴቶች ፊደል ላስቆጥር ቀረሁ። ማንም አላስገደደኝም። በዕድሜዬ ብዙ ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ፤ ዛሬ «የት አስተማርሽ?» የሚለኝ ሰው ሲገኝ ግን አስቀድሜ የምጠራው ያችን በቆርቆሮ የተከደነች ክፍል ነው።

ከፊደሉ ጎን የጤና ትምህርት ነበረብን። የተጻፈልንን አንብቤ ማለፍ እችል ነበር። ሆኖም እነዚያ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያበሉ የሚውሉ ናቸውና ያበሉት ምግብ የት እንደሚደርስ ማወቅ ይገባቸዋል አልኩ። ሰሌዳው ላይ ጨጓራውን ሳልኩ፤ ከሱ ቀጥሎ የተጠማዘዘውን ትንሹን አንጀት፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ክፈፍ የከበበውን ትልቁን አንጀት ሳልኩ።

«መምህርት፣ የሰው ነው ወይስ የበግ?» አለች አንዷ ከኋላ።

«የሰው ነው።»

«አይ፣ እንግዲያ ለዱለት አይሆንም።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ያልሳቀችው ጎረቤቴ ብቻ ናት፤ ያችው ልጇን በአንቀልባ አዝላ የምትማረው። ከወሎ መጥታ በነዳጅ ማጣሪያው የሚሠራ ሰው ያገባች ዝምተኛ ሴት ናት። እሷ ስትናገር የተናገረችው ነገር ቀድሞ የታሰበበት ነው።

«ርዝመቱ ምን ያህል ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ባሏን ገመድ አስመጣሁት። ወደብ ላይ የሚያውቀው ሰው ስለነበረው የመርከብ ገመድ ይዞ መጣ። ስድስት ሜትር ይሁን፣ ትንሽ ቢያልፍም ግድ የለም ስለው ገመዱን መሬት ላይ አስቀምጦ አየኝ።

«ይሄ ሁሉ ባንድ ሰው ሆድ? መምህርት፣ ማጣሪያችን እንኳ ይሄ ሁሉ ቧንቧ የለውም።»

ውሸቱን ነው። ከቧንቧ በቀር ሌላ ነገር የማያይ ሰው ነበር።

ገመዱን ከሰሌዳው ሥር ጀምረን ስንዘረጋው በሩን አልፎ አሸዋው ላይ ወጣ። ሴቶቹ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ያዙት። በገመዱ ላይ እየተራመድኩ አስተማርኳቸው። እንጀራ እንጀራ እንደሆነ ወደ ደም አይሻገርም። ጥርስ ይሰብረዋል፤ ጨጓራ በኮምጣጣ ፈሳሹ ያሸዋል፤ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ከጉበት የመጣ ሐሞትና ከቆሽት የመጣ ፈሳሽ ይቀበሉታል። እዚያ ቅባቱም፣ ሽሮውም፣ እንጀራውም እየተፈታ፣ እየደቀቀ፣ በዐይን የማይታይ ይሆናል። ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን የሚያልፈው።

«ግድግዳው ልሙጥ አይደለም» አልኳቸው። «ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው ጥላ ከፋይ ነው አይደል? ስትዳብሱት ጸጉሩ እጃችሁ ላይ ይተኛል። የአንጀት ውስጡም እንደ ከፋይ ነው። እያንዳንዷ ጸጉር የየራሷ ቀጭን የደም ሥር አላት። የተፈታውን ምግብ እየጠጣች ወደ ጉበት ትልካለች፤ ጉበት ለሰውነት ያካፍላል። የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና የቀረው ውሃ ይመጠጣል። እግዚአብሔር በየሆዳችን ከፋይ አንጥፏል።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል በመሠረተ ትምህርት ክፍል አይነገርም ነበር። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ቀስ ብለው «እሰይ» አሉ። ማንም ወስዶ አላወራብኝም።

ጎረቤቴ የገመዱን ጫፍ እንደያዘች ጠየቀች፤ «ተቅማጥ ሲሆንስ? ከፋዩ ይቀደዳል?»

ለዚህ ጥያቄ ዛሬም አመሰግናታለሁ። «ብዙውን ጊዜ አይቀደድም» አልኳት። «በሽታው ውሃውን ከሚገባው በላይ ወደ ውጭ ያስፈሰዋል። ግን አንድ በር ሳይዘጋ ይቀራል። በዚያ በር ጨው ብቻውን ቢመጣ አይገባም፤ ስኳርም ብቻውን ቢመጣ አይገባም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ይገባሉ። እነሱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል።»

ትንሽ አሰበችና «ሙሽራና ሚዜ ነዋ» አለች። «ውሃው አጃቢያቸው።»

ከዚያ ወዲህ ያን በር ለማንም ሳስተምር በሷ ቃል ነው።

እንግዲህ ያን ረፋድ ቤቷ ስደርስ ባሏ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሶ፣ ሳይተኛ፣ ልጁን ታቅፎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ድምፁ አለ፣ እንባ የለም። የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣት ይዤ ብለቀው እንደተጨማደደ ቆየ። ጎረቤቴ ጆግና ማንኪያ ይዛ ቆማለች።

«ጧት ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር» አለችኝ። «ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት መርከብ እስኪመጣ አልቋል፤ ቤትሽ አዘጋጅተሽ አጠጫት፣ ጡትም አትከልክያት፣ ካልተሻላት መልሰሽ አምጫት አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ለሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ውሃውን ፎርኔሎ ላይ ደህና አድርጌ አፍልቼ። ግን በጠጣች ቁጥር ይብስባታል። ትስገበገባለች፤ ከዚያ ታስመልሰዋለች።»

እማማ ተከትለውኝ ገብተው ኖሯል። «ብያት ነበር» አሉ። «ተቅማጥ ላይ ውሃ ይጨመራል? የሚያፈስ ጣራ ላይ ውሃ መድፋት ነው። ይሄ ግግ ነው። ድዷን እይው፣ አብጧል። የምታወጣዋን ሴትዮ አስጠርቻታለሁ፤ ከምሳ በኋላ ትመጣለች።»

ግግ ማውጣት ማለት ገና ያልበቀለውን የሕፃን ጥርስ ድድ ሰንጥቆ ፈልፍሎ መጣል ነው። በደህና ልጅ ላይ እንኳ ቁስሉ አደገኛ ነው፤ እንዲህ በደረቀች ልጅ ላይ ደግሞ ደሙ ሲጨመርበት ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አባትየውን አየሁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ መምህርት» አለ። «አንቺ ውሃ ትያለሽ፣ እማማ ጥርስ ይላሉ። እኔ የማውቀው ልጄ ከትናንት ወዲህ ስትቀልለኝ ነው።»

ጆጉን ከጎረቤቴ እጅ ተቀበልኩ። የተማርነው ደንብ «ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ማለት የለበትም» ይላል፤ ይህን ደግሞ የሚለየው ምላስ ብቻ ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ከማታው ጀምሮ ጠብታ ውሃ ባፌ አልዞረም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አይዞርም። ከልጅነቴ ጀምሮ በፍልሰታ ከሰዓቱ በፊት ምንም ነገር ከንፈሬን ነክቶ አያውቅም። እጄ ትንሽ ዘገየ። አማተብኩ፤ በማንኪያው ጫፍ ምላሴን ነካሁና ወጥቼ አሸዋው ላይ ተፋሁት።

ቀይ ባሕርን የቀመስኩ መሰለኝ።

«ውሃው ከየት ነው?» አልኳት።

«ከቧንቧው።»

የአሰብን የቧንቧ ውሃ የጠጣ ያውቀዋል። አዲስ እንግዳ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ፊቱን ሳያኮማትር አይጨርስም። የከረመ ሰው ግን ይረሳዋል። ሻያችን በሱ ነው፤ ወጣችን በሱ ነው፤ እጃችን ወጥ ላይ ጨው መቀነስን ለምዶታል። አገር ቤት ገብተን የእናታችንን የምንጭ ውሃ ስንጠጣ «ምነው ጣዕም የለው?» እንላለን። ጎረቤቴ ጾመኛ ስለሆነች ሳትቀምስ በስፍር ብቻ ነበር የሰጠችው፤ የምትጠጣው ውሃ ራሱ እንዲያ ስለሆነ አልተጠራጠረችም። እኔም በበላሁበት ቀን ቢሆን ልክ ይመስለኝ ነበር። ጾም ነው ምላሴን ወደ ደብረ ብርሃን የመለሰው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ውሃ ሲሉ ውሃ ማለታቸው ነው፤ ጨውን ከነምንጩ ይዞ የሚመጣ ውሃ አላሰቡም። ሲፈላ ደግሞ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል።

«ለቋንጣ ሥጋ ላይ ጨው ስትነሰንሺ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«ውሃውን ይለቃል።» ከዚያ የተናገረችው ገባትና ማንኪያውን አስቀመጠች። «በእጄ...»

«አንቺ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። ጥፋቱ የቧንቧው ነው።»

ባሏ ብድግ አለ። «ቧንቧ ከሆነማ በኔ ነው። ጣፋጭ ውሃ ፍለጋ እሄዳለሁ።»

ጣፋጭ ውሃ የምንለው በቦቴ እየመጣ የሚሸጠውን ነው። በዚያ ሰሞን ቦቴው ቀርቶ የሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ደርቋል። እሱ ከተማውን ዞሮ እስኪመለስ ደግሞ ግግ አውጪዋ ትደርሳለች። የሁላችንም ዐይን ወደ አንድ ሰው ዞረ። እማማ ቤት አንድ ሙሉ ጀሪካን እንዳለ የማያውቅ አልነበረም። በቧንቧው ውሃ የተጠመቀ ጠላ አያምርም፤ ለኪዳነ ምሕረት ማኅበራቸው የሚጠምቁበትን ውሃ ሌላ ሰው እንዳይነካው አልጋቸው ሥር ነበር የሚያስቀምጡት።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «የእመቤቴ ውሃ ነው።»

«እማማ» አልኳቸው፣ «እመቤታችንም በበረሃ ሕፃን ይዛ የተጠማች እናት ናት።»

ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «አንቺ ሴት፣ ካህን ሆነሽ ብትፈጠሪ ለሰው እህል አታስቀምሺም ነበር» ብለው ወጡ። ሲመለሱ ጀሪካኑን በሁለት እጅ አንጠልጥለውታል። «ይኸው። ግን ሴትዮዋ ስትመጣ ልጅቷ እንዲሁ ከሆነች አልመልሳትም። ተነጋግረናል።»

«ተነጋግረናል» አልኩ።

ጣፋጩን ውሃ አፍልተን አበረድን፤ ጎረቤቴ እንደገና ሰፈረች። አሁንም በማንኪያ ጫፍ ቀምሼ ተፋሁ። እንባ ነበር። ልጅቷን እናቷ ጭን ላይ አድርገን በማንኪያ ጀመርን፤ አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ደግሞ አንድ ማንኪያ። መጀመሪያ የሰጠናትን አስመለሰችው። ጥቂት ታገስንና ቀጠልን። አለቀሰች፤ ቀጠልን።

«አንቺ አንጀት የለሽም እንዴ?» አሉ እማማ። «ተያት፣ ትረፍበት።»

«አንጀቷን እኮ ነው እያራስኩት፣ እማማ።»

ቃሉ ካፌ ሲወጣ ራሴም ሰማሁት። ደግ ነገር ሲሠሩልን «አንጀቴን አራስከው» እንላለን፤ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ቋንቋችን ርኅራኄን ያስቀመጠው አንጀት ውስጥ ነው፤ ደስታውንም በውሃ ነው የሰየመው። የአሰብ ነሐሴ ባያገኘኝ ኖሮ ይህ ቃል እንዲህ ተጨባጭ ሆኖ አይገባኝም ነበር።

በየማንኪያው የጎረቤቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሎኝ ጆሮዬን አቀረብኩ። «ሙሽራው ገባ፣ ሚዜው ገባ፣ አጃቢው ገባ» ትላለች። ያችን ገመድ ከዳር እስከ ዳር ታያት ነበር። ክንዷ ሲዝል እኔ እቀበላለሁ ብላት ማንኪያውን አልለቀቀችም። መሐል ላይ ጡት ታጠባታለች፤ እንደገና ወደ ማንኪያው ትመለሳለች። ባሏ ቆሞ በካርቶን ያራግባል።

ግግ አውጪዋ ከምሳ በኋላ መጣች። ሰላምታዋን አዳርሳ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ የጨርቅ ጥቅልሏን ጭኗ ላይ ፈታች። ልጅቷን ለማየትም ፊቷን አቀረበች። ልጅቷ ያን እንግዳ ፊት ስታይ አፏን ከፍታ ጮኸች። ከዐይኗ ጠርዝ አንዲት ጠብታ ወጥታ ጉንጯ ላይ ወረደች።

እናትየው ጠብታዋን በጣቷ ተቀበለቻትና ወደ አፏ ወሰደቻት። እሷም ጾመኛ ናት፤ ያን ጊዜ ግን አላስታወሰችውም። ቀመሰችና ጆጉን አየች።

«ልክ ነው» አለች።

እማማ ጎንበስ ብለው ጉንጩን አዩ፤ ደግመው አዩ። ከዚያ ወደ እንግዳይቱ ዞሩና፣ «አንቺ ሻይሽን ጠጥተሽ ሂጂ፣ እኅቴ። ጥርሱ ሲደርስ ራሱ ይወጣል» አሉ።

ጥቂት ቆይቶ ልጅቷ አባቷ ጭን ላይ ሸናች። እሱ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ሱሪውን ለመቀየር አልተነሳም። «አያችሁ፣ ቧንቧው ሠራ» አለ፤ ድምፁ ግን ቀልዱን አልተሸከመለትም።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። «በፍልሰታ ከሰዓቱ በፊት ጨው ቀምሻለሁ» አልኳቸው። ታሪኩን አስጨርሰው ሰሙኝ። «ልጅቷስ?» አሉ። ደህና ናት አልኩ። «እኔ ንስሐ የምሰጥሽ ባትቀምሺ ኖሮ ነበር» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ያን ዓመት ያለ ጠላ ዋለ። እማማ በመጣ እንግዳ ፊት «ጠላውን የጠጣችው ይችት» እያሉ ልጅቷን ያሳዩ ነበር።

ክፍሉ ሲቀጥል ያን ትምህርት ጎረቤቴ ራሷ ሰጠች። ያች ዝምተኛ ሴት ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ገመዱን አስይዛ፣ ሙሽራውንና ሚዜውን አስገባች። መጨረሻ ላይ ከመጽሐፍ ያልተገኘ የአሰብ ደንብ ጨመረችበት፤ «ውሃው ጣፋጭ ይሁን፤ የቀመሰውም የጾመ ይሁን።» ከዚያ ወዲህ በቤቶቻችን ተርታ የልጅ ሆድ ሲበላሽ ጆጉ የሚሄደው ወደ ጾመኛ ነው። በኛ ጾም እኔን ወይም ጎረቤቴን ይጠሩናል፤ በረመዳን ደግሞ የወዲያኛው ግቢ አፋሯ እናት ትቀምስና ትተፋለች፤ ራሷን ስትነቀንቅ ልጁ ይጠጣል። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ኖሬያለሁ። ይህን ስጽፍ አንገቴ ቀና ይላል፤ እግዚአብሔር ትዕቢት አያድርግብኝ።

ደርግ ሲወድቅ ያ ተርታ ተበተነ። ገሚሱ በመርከብ፣ ገሚሱ በመኪና፣ ገሚሱ በእግሩ ወጣ። እኔ በራሔይታ በኩል ወደ ጅቡቲ ተሻገርኩና እዚሁ ቀረሁ። ነፋሱ ያው ነው፤ ውሃውም ጨው ጨው ይላል፤ የስደተኛ ልጆች አስተምራለሁ። ደብረ ብርሃን ከአሰብም ይልቅ ሩቅ ሆናብኛለች። የጎረቤቴ ቤተሰብ በየት በኩል እንደወጣ አላየሁም።

ያን ተርታ የምታውቁ፣ ገመዱን ይዛችሁ አሸዋው ላይ የቆማችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ያች ልጅ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ምናልባትም እናት ናት። የት እንዳለች የምታውቁ ካላችሁ ንገሯት። የእኔን ነገር ተዉት። እናቷ ስለ ራሷ አትናገርምና እናንተ ንገሩላት፦ ክንዷ እስኪዝል ማንኪያውን እንዳልለቀቀች፣ የመጀመሪያዋንም እንባ በምላሷ ተቀብላ «ልክ ነው» እንዳለች።